ኖሮ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
«ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የምትል ሱቅ አለችኝ፣ የምታህል ሣጥን።
ክስ ይጻፍባታል፣ ውክልና፣ ኑዛዜ፣
የሙት ዓመት ጥሪ፣ አለፍ ሲልም የአፍላ ልጅ ትካዜ።
ጋሽ ሙሄ ተገኘ የመጣው ግን በሐምሌ፣ ጦሳን ጉም ሲውጠው፣
ዘጠኝ ደብተር በፌስታል አንጠልጥሎ ነው።
«ልብ ወለድ ነው» አለኝ፤ «ሰገሌ ላይ ወሎ ያሸነፈበት።
ለአንድ ገጽ ስንት ትያለሽ?» ዋጋ ተከራከርንበት።

ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው፤ ዕድሜውን በካስማና በገመድ
ድንበር ሲለይ የኖረ፣ ማሳን ከማሳ፣ ዘመድን ከዘመድ።
አሁን ደግሞ ጥቅምት ዐሥራ ሰባትን፣ የዘጠኝ መቶ ዘጠኙን፣
ካስማዋን ነቅሎ ወዲያ ማዶ ሊተክል፣ ሊያሰፋ ርስታችንን።

ተየብሁ።
በመጀመሪያው ደብተር ጥይቱ አላለቀም፤
የወሎ ፈረሰኛ ሜዳውን ሲሰነጥቀው፣ ከኮርቻ ማንም አልወደቀም።
በሁለተኛው ደሴ የአገር መዲና ሆነች፤
ባቡሩ ከኮምቦልቻ፣ በሐረጎ እየተጠማዘዘ፣
እያለከለከ፣ ጭሱን እንደ ልቃቂት እየመዘዘ፣
ቧንቧ ውሃ ድረስ ወጣ፤
ቦሩ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ከካይሮ መጣ።
አይጠየፍ አዳራሽ አምባሳደሩ ተሰልፎ ቆመ፣
ሸዋ በርም ስሙን ጣለ፣ «ድል በር» ተብሎ ተሰየመ።
የገንዘብ ሚኒስትሩ ባጀቱ ሲጎድል «አብሽሩ!» ይላል፤
እዚህ ላይ ሳቅሁ። ጋሽ ሙሄም ከበርጩማው ላይ ፈገግ ብሏል።
ሳቄን ሳልጨርስ መብራት ጠፋ፤
ሦስት ገጽ መዲና፣ «ሴቭ» ሳላደርገው ተደፋ።

አምስተኛው ላይ ነው ጣቴ የዘገየው።
የደብረ ብርሃን ሴቶች ከል ለብሰው ሙሾ ሲያወርዱ አየሁ፤
የኛኑ እናቶች ሙሾ ነው፣ የሟቹ ስም ብቻ ተቀይሮ ያነበብሁ።
ከጠርዙ በእርሳስ «እነዚህስ?» ብሎ አስፍሯል።
«ይኸም ይተየብ?» አልሁት። መልስ የለም፤ ሻዩን ያማስላል።

በስምንተኛው ደብተር አበጋዝ የሚሉት፣ የወረኢሉ ሰው፣
እግሩ እያነከሰ፣ የድል አቧራ ያለበሰው፣
ወደ ቤቱ ይመጣል። ሚስቱ ጦይባ ናት።
በር ላይ ነው። ሊያንኳኳ ነው። እጁን አነሣት።

ገጹ እዚያ ላይ አለቀ።
ዘጠነኛው ደብተር ከዳር እስከ ዳር ባዶ።

«ጋሽ ሙሄ፣ የቀረውስ?»
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ፣
«ጦይባ አያቴ ናት» አለኝ፤ «አበጋዝ ሰገሌ ነው የቀረ።
እሷም አራት ወር ከዐሥር ቀን ኢዳዋን ቆጥራ ስትነሣ፣
ካሸናፊው ጦር የቀረ አንድ የሸዋ ወታደር፣ ወባ ጥሎት እንደ ሬሳ፣
ደጇ ላይ አገኘችው። ውሃ አጠጣችው። ከረመ።
ዳነ። ጎጆ አቆመ።
አባቴን ወለዱ፤ ከሞት ደጅ ነውና፣ ተገኘ አሉት ስሙን።
እንግዲህ አንቺ አስቢው፣ አበጋዝ ያንን በር ካንኳኳ ጉዱን፤
አበጋዝ ከተገኘ፣ ተገኘ አይገኝም፤
ተገኘ ካልተገኘ፣ ይኸን ደብተር የሚጽፍ የለም።»

ቆርቆሮውን ዝናብ ይደበድበዋል።
ስክሪኑ ላይ ያቺ ቀጭን መስመር ትጠፋለች፣ ትበራለች፤
ከበሩ ወዲህ አበጋዝ፤ ከበሩ ወዲያ ጦይባ፣ «ማነው?» ሳትል ቆማለች።

«ርእሱን ምን ልበለው?»
«‹ኖሮ› በይው።
እዚህ አገር ሰው ሰገሌን ሲያነሣ ‹ቢያሸንፍ ኖሮ› ነው የሚለው።
ስልሳ ዓመት ሰማሁት። ቃሉን ግን ፈልፍዪው እስቲ፤
‹ቢያሸንፍ› ሕልም ነው፤ ‹ኖሮ› የሚለው ግን የኖረ ሰው ነው፣ ልጄ፤ እንዳትስቂ።»

የስምንት ደብተር ሒሳብ ከፈለኝ፤ ባዶውን ትቶልኝ ወጣ።
ዝናቡ አባርቷል። ከአስፋልቱ ማዶ ረዳቱ ይጮኻል፣
«ሸዋ በር! ሸዋ በር! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ይበቃል!»
ጋሽ ሙሄ ሱሪውን ሰብስቦ ኩሬውን ዘለለ፤
እጁን ከፍ አድርጎ፣
«አለሁ! አለሁ!» አለ።